የነጭ ወይን ማኅበር በደብረ ብርሃን፦ ሰው ከማሰባሰብ እስከ ቅምሻው

ደብረ ብርሃን ስለ መጠጥ ምክር የሚያስፈልጋት ከተማ አይደለችም። ገብሱ ከደጇ ነው፤ የቢራ ፋብሪካዎች አሏት፤ አረቄዋ ደግሞ ከሰሜን ሸዋ አልፎ ስሙ የታወቀ ነው። ወይን ግን ገና እንግዳ ነው። ለሠርግና ለዓመት በዓል ጣፋጭ ቀይ ወይን ይገዛል፤ ነጩ መደርደሪያው ላይ ቆሞ አቧራ ይጠጣል።

ምክንያቱ ጣዕሙን መጥላት አይመስለኝም። የማያውቁትን ጠርሙስ በውድ ገንዘብ ገዝቶ ለብቻ መሞከር ቁማር ነው። ከዚያም የባሰው፣ አንድ ጠርሙስ ለብቻው ብዙ አያስተምርም፤ «ጥሩ ነው» ወይም «ይኮመጥጣል» ተብሎ ይታለፋል። ነጭ ወይን የሚታወቀው ጎን ለጎን ሲቀመስ ነው። ሁለት ብርጭቆ ፊት ለፊት ሲቀመጥ፣ ወይን ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ልዩነቱን በራሱ ቃል ይናገራል።

በሌላው ዓለም የወይን ክለብ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የወይን አምራቹ የራሱ ክለብ ሲሆን፣ አባሉ በየጊዜው የዚያን እርሻ ወይን በቅናሽ ያገኛል። ሁለተኛው የነጋዴ ክለብ ነው፤ አባሉ ወርሃዊ ክፍያ ይከፍላል፣ ነጋዴው ከየአገሩ መርጦ ጥቂት ጠርሙሶች ቤቱ ድረስ ይልክለታል። ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ጭነት መጠበቅ አያዋጣም። ነገር ግን ዕቁብ መጣልና ማኅበር ማቋቋም ለማንም የማይጠፋበት አገር ውስጥ ክለቡን እዚሁ መመሥረት ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው።

ሰው መምረጥ

የአባላቱን ቁጥር የሚወስነው ጠርሙሱ ነው። መደበኛ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ለቅምሻ ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። በስሌት አንድ ጠርሙስ 15 ሰው ያዳርሳል። ይሁን እንጂ 15 ሰው አንድ ሳሎን ውስጥ ሲሰበሰብ ቅምሻው ወደ ድግስ ይለወጣል። ከ8 እስከ 10 ሰው ይሻላል፤ የተረፈው ወይን ከምግብ ጋር ለሁለተኛ ዙር ይሆናል። 50 ሚሊ ሊትር ስንት እንደሆነ በዓይን ለመልመድ የሕፃናት ሽሮፕ መለኪያ ውሰዱ፤ ውኃ ለክታችሁ ብርጭቆው ውስጥ ገልብጡና የደረሰበት ላይ ከውጭ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ከአባላቱ መካከል ጠላ የምትጠምቅ ወይም ጠጅ የምትጥል ሴት ብትኖር ማኅበሩ ዕድለኛ ነው። ጌሾ የበዛበትን፣ ጋኑ በደንብ ያልታጠነውን፣ አንድ ቀን ያለፈበትን ጠላ በአንድ ጉንጭ የምትለይ ሰው ወይንን በመጽሐፍ ከተማረ ሰው ቀድማ ትረዳዋለች። በተቃራኒው «ነጭ ወይን የሴት መጠጥ ነው» እያለ የሚቀልድ ሰው አይጠፋም። እሱንም አስገቡት፤ ብርጭቆው ተሸፍኖ ሲቀርብለት ቀልዱ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ድርድር የለውም። በኢትዮጵያ ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ አይሸጥም፤ ማኅበሩም ከዚያ በታች ያለን ሰው አይቀበል። ነፍሰ ጡር ሴትም ሆነች መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ለማሽተት ብቻ መቀመጥ ይችላሉ፤ የወይን ዕውቀት አብዛኛው በአፍንጫ ነውና ብዙም አይቀርባቸውም።

ደንቡ፣ ቀኑና ገንዘቡ

የመጀመሪያው ደንብ «በሞቴ» መከልከሉ ነው። እኛ አገር ብርጭቆ ላይ እጁን የከደነ ሰው «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ» ሳይባል አይታለፍም። ለእንግዳ ክብር ነው፤ ለቅምሻ ግን መርዝ ነው። ሦስተኛው ወይን ላይ ምላሱ የዛለ ሰው አራተኛውን መለየት አይችልም። በቃኝ ያለ ሰው በቃው፤ ማንም አይለምነው።

ሁለተኛው ደንብ አስተናጋጁን የሚመለከት ነው። ቤቱ በዕጣ ወይም በተራ ይዙር፤ የሚቀርበው ግን ዳቦ፣ አይብ፣ ገብስ ቆሎና ውኃ ብቻ መሆኑ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ የመጀመሪያዋ አስተናጋጅ ዶሮ ትሠራለች፤ ሁለተኛው እንዳያንስ በግ ያርዳል፤ ሦስተኛው አባል ተራው ሲደርስ «ታምሜአለሁ» ብሎ ይቀራል። በዚህ መንገድ የፈረሰ ማኅበር በየሰፈሩ አለ።

ቀኑን ለመቁረጥ የጾም አቆጣጠሩን ግድግዳ ላይ መስቀል ያስፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ ከወዲሁ ውጪ ናቸው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ያለው የነቢያት ጾም፣ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም፣ ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሚጀምረው የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5፣ ከዚያም በነሐሴ ፍልሰታ አለ። የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ቢመስልም ይበቃል፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽ፣ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ። ያ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ስለሆነ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ቢገናኙም አይከፋም። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ይሁን። አመሻሽ ላይ ሁሉም በእግሩ ወደ ቤቱ ይግባ፤ መኪና ይዞ የመጣ ሰው አይቅመስ ወይም ቁልፉን ላልቀመሰ ይስጥ። በተለይ ከጣርማ በር ማዶ የመጡ አባላት ካሉ፣ ጉሙ ወርዶ የመኪና መብራት በማይታይበት በዚያ መንገድ ላይ ቀልድ የለም።

ገንዘቡ እንደ ዕቁብ በየወሩ እኩል ይዋጣል፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። ልዩነቱ ዕጣ የሚወጣለት ሰው አለመኖሩ ነው፤ ዕጣው ለሁሉም በብርጭቆ ይደርሳል። መዋጮውን ሙሉ በሙሉ በየወሩ አትጨርሱት። ሁለት ሦስተኛውን ለወሩ ጠርሙሶች አውሉት፤ የቀረውን አስቀምጡትና በዓመት ሁለት ጊዜ ማንኛችሁም ለብቻችሁ የማትደፍሩትን ጠርሙስ ግዙበት። የማኅበር ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ጠርሙስ ሲገዛ

ከአገር ቤት ወይን ጀምሩ። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ በምትባለው ከተማ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ያለማው የወይን እርሻ ሪፍት ቫሊ በሚል ስም ሻርዶኔ ከሚባለው የነጭ ወይን ዝርያ የተሠራ ወይን ያወጣል፤ አካሺያ የሚባለው ነጭ ደግሞ ለስላሳና ጣፋጭነት ያለው ነው። ከአዋሽ ወይን ጠጅ በኩል ክሪስታልና ከሚላ አሉ። እነዚህን ሳታውቁ የፈረንሳይ ጠርሙስ ፍለጋ መሄድ የጓሮን ጎመን ረግጦ ገበያ መውጣት ነው። ከውጭ ከሚገቡት መካከል የደቡብ አፍሪካ ነጭ ወይን በብዛት ይገኛል፤ ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይና ከስፔን የሚመጣም አለ። የውጭው ዋጋው የሚከብደው ቀረጥ፣ ኤክሳይዝና ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደራርቦበት ስለሆነ፣ ውድ መሆኑ ብቻውን የጥራት ማስረጃ አይሆንም።

የመለያ ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ፈልጉ፦ የወይኑ ዝርያ፣ የተመረተበት አካባቢ፣ የአልኮሉ መጠን በመቶኛ፣ ፍሬው የተለቀመበት ዓመት። ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ። ደቡብ አፍሪካ ወይን የሚለቀመው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ 2024 የሚል ጠርሙስ በእኛ የ2016 ዓ.ም. ፍሬ ነው። አብዛኛው ነጭ ወይን እንዲቆይ ታስቦ አይሠራም፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ይሻላል። «የቆየ ወይን ጥሩ ነው» የሚለው አባባል ለጥቂት ወይኖች ብቻ ይሠራል፤ ርካሽ ነጭ ወይን ሲቆይ ይሞታል እንጂ አይበስልም።

ሱቁንም እዩ። መስታወቱ ላይ ፀሐይ እየመታው ለወራት የቆመ ጠርሙስ፣ በተለይ ጠርሙሱ ቀለም የሌለው ከሆነ፣ ብርሃኑ ሽታውን ያበላሸዋል። ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ከወጣ ሙቀት መቶታል። የቅርብ ዓመት የተጻፈበት ሆኖ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላ ከሆነ አየር ገብቶበታል። በጥምዝ ክዳን የሚዘጋውን ግን አትናቁ፤ ለነጭ ወይን እንዲያውም ከቡሽ የተሻለ ይጠብቀዋል። ከአዲስ አበባ የምትገዙ ከሆነ 130 ኪሎ ሜትሩን ጠርሙሱ በአውቶቡስ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ እንዳይጓዝ ጠቅልሉት።

ቤቱን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ከባህላችን ጋር ትንሽ መጋጨት አይቀርም። እንግዳ ሲመጣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይቆላል። ሦስቱም ያማሩ ናቸው፤ ሦስቱም የነጭ ወይንን ሽታ ያጠፉታል። ስለዚህ ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይሁን፤ ረከቦቱ ቢቀርብም ከሰሉ አይቀጣጠል። በርበሬ በዚያን ቀን ቤት ውስጥ አይቆላ። ሽቶ የተቀባ አባል ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ወር ይማራል።

ብርጭቆ ለመግዛት አትጨነቁ። የሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ ውድ መሆን የለበትም፤ ቅርጹ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ፣ አፍንጫ የሚያስገባ፣ ግልጽና ሥዕል የሌለው ከሆነ በቂ ነው። ብርሌ ያምራል፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ግን አፍንጫ አያስገባም። ብርጭቆውን በሙቅ ውኃ ብቻ እጠቡ፤ ሳሙና ከነካው ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ከበርበሬ ዕቃ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ የከረመ ብርጭቆ ከዘመን በፊት የነበረውን ወጥ ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ባዶውን አሽትታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ቅዱበት።

ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ግልጽ ያልሆነ ኩባያ አስቀምጡ። ባለሙያዎች ወይን ቀምሰው ይተፋሉ። በሽማግሌ ፊት መትፋት ነውር በሆነበት ቤት ይህ ይከብዳል፤ ኩባያው አፍ ድረስ ተጠግቶ ፊትን ዞር አድርጎ ሲደረግ ግን ማንም አይታዘብም። የማይፈልግ ይዋጠው፤ መጠኑ ትንሽ ነው።

ብርዱን መግራት

ስለ ነጭ ወይን የሚጻፈው ምክር ሁሉ «በደንብ አቀዝቅዙት» ይላል። ምክሩ የተጻፈው ለሞቃት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። እዚህ ትልቁ ስሕተት ወይኑን ከመጠን በላይ ማቀዝቀዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዝቃዜ ሽታን ያስራል፤ ጣፋጭነትንም ይደብቃል፤ ኮምጣጣነትን ግን ያጎላል። ከማቀዝቀዣ በ4 ዲግሪ የወጣ ጥሩ ሻርዶኔ ሽታ የሌለው ኮምጣጣ ውኃ ይሆናል፤ የቀመሰውም ሰው «ነጭ ወይን እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ» ይላል። ቀለል ያሉና ኮምጣጣዎቹ ዝርያዎች ሶቪኞን ብላንና ሪዝሊንግ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ በርሜል የነካው፣ ማለትም በእንጨት በርሜል የቆየው ሻርዶኔ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ቢሆኑ ይነጋገራሉ። በደጋው ቤት ፀሐይ በማይገባበት ጓዳ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያደረ ጠርሙስ በክረምትና በበጋው ውርጭ ወራት ለሻርዶኔ የሚበቃ ቅዝቃዜ በራሱ ያገኛል። ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ አውጡት። አሁንም ዝም ካለ ብርጭቆውን በሁለት መዳፍ ያዙት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሽታው ሲፈታ መስማት የቅምሻው አንዱ ደስታ ነው።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ያለ ማኅበር ምክሩን ይገልብጠው። እዚያ ወይኑ ብርጭቆ ውስጥ እያለ ይሞቃል። ባልዲ ውስጥ ውኃና በረዶ እኩል አድርጋችሁ አንድ ጭብጥ ጨው ጨምሩበት፤ ጨው በረዶውን ከዜሮ በታች ስለሚያወርደው ጠርሙሱ በሩብ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ውኃ ሳይጨምሩ በረዶ ውስጥ ብቻ መክተት አይጠቅምም፤ በበረዶዎቹ መካከል ያለው አየር ቅዝቃዜውን አያደርስም።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው፦ አረፋ ያለው ነጭ ወይን። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ሲከፈት በኃይል ይወጣል። በደንብ አቀዝቅዙት፣ አትነቅንቁት፣ ቡሹን በጨርቅ ሸፍናችሁ ጠርሙሱን አዙሩት እንጂ ቡሹን አትጎትቱት። አፉ ወደ ሰውም ወደ አምፖልም አይዙር።

አቀማመሱ

ሁለት ሁለት ወይን በተመሳሳይ ብርጭቆ ጎን ለጎን ቅዱ፤ ከብርጭቆው ሲሶውን አይለፍ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከደረቁ፣ ማለትም ስኳር ብዙም ካልቀረበት፣ ወደ ጣፋጩ ሂዱ። ጣፋጭ ቀድሞ ከተቀመሰ ተከታዩ ደረቅ ወይን እንደ ኮምጣጤ ይሆናል።

መጀመሪያ ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብላችሁ ቀለሙን እዩ። አረንጓዴ ያዘለ ውኃማ ቢጫ ወጣትነትን፣ ወርቃማ ቀለም ደግሞ በርሜልን፣ ዕድሜን ወይም ጣፋጭነትን ሊያመለክት ይችላል። ነጭ ወይን የሚሠራው ፍሬው ተጨምቆ ጭማቂው ከልጣጩ ተለይቶ ሲቦካ ነው፤ ቀለሙም አፍ የሚያደርቀው ነገርም ያለው ልጣጩ ላይ ስለሆነ፣ ነጩ እንደ ቀዩ አፍ አያደርቅም። ወገቡን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ኮምጣጣነቱ ነው። «ይኮመጥጣል» ማለት እንግዲህ ስድብ አይደለም፤ ጥያቄው ኮምጣጣነቱ ብቻውን ቆሟል ወይስ ከሌላው ጣዕም ጋር ተስማምቷል የሚለው ነው።

ከዚያ ሳትነቀንቁ አንድ ጊዜ አሽትቱ፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አዙራችሁ ደግማችሁ አሽትቱ። ሁለቱን እያቀያየራችሁ ሂዱ። በዚህ ጊዜ ማንም አይናገር፤ ሁሉም ይጻፍ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ሎሚ» ካለ ቤቱ ሁሉ ሎሚ ይሸተዋል። በተለይ በዕድሜ የገፉት አባል ቀድመው ከተናገሩ ሌላው በአክብሮት ይስማማል፤ ስለዚህ ንግግሩ ከታናሽ ይጀምርና ወደ ላይ ይሂድ።

አሁን ጠጡ። ትንሽ ጉንጭ ያዙ፣ አፍ ውስጥ አዙሩት፣ ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ ጣዕሙ አፍ ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ቁጠሩ። መቁጠሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ወይን ከወይን የሚለየው በአብዛኛው በዚህ ቆይታ ነው። ምራቅ ምን ያህል እንደመጣም አስተውሉ፤ ብዙ ምራቅ ብዙ ኮምጣጣነት ማለት ነው። በመካከል ዳቦና ውኃ ውሰዱ።

ወይኑ እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ጥፋቱ የማንም አፍንጫ አይደለም። ቡሹ ውስጥ የሚፈጠር ብክለት ነው፤ ጤና አይጎዳም፣ ወይኑን ግን ይገድለዋል። ጠርሙሱን ደፍታችሁ ሌላ ክፈቱ፤ የሚቻል ከሆነ ቡሹን ይዛችሁ ወደ ሻጩ ተመለሱ።

የሽታ መዝገብ ከሸዋ ጓሮ

የውጭ መጻሕፍት ነጭ ወይን እዚህ የማይበቅል ፍሬ እንደሚሸት ይነግሩናል። ያላሸተትነውን ሽታ መሸምደድ ጥቅም የለውም። ማኅበሩ የራሱን መዝገብ ይክፈት፤ መነሻ እንዲሆን የሚከተለውን አቀርባለሁ።

ሶቪኞን ብላን የተቆረጠ ሳማና ቃሪያ ይሸታል። የቃሪያው ነገር ምናብ አይደለም፤ ቃሪያን ቃሪያ የሚያሸትተው ንጥረ ነገር በዚህ ወይን ውስጥም አለ። ከኒውዚላንዱ ማርልቦሮ የሚመጣው ደግሞ ከሳማው በላይ የበሰለ ዘይቱን ፍሬ ይሸታል።

ሻርዶኔ በራሱ ብዙም የማይናገር ዝርያ ነው፤ ፖም፣ ሎሚ፣ ሲሞቅ ደግሞ ኮክ። የሚለወጠው በአሠራሩ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲብላላ ለጋ ቅቤ የሚያሸትት ንጥረ ነገር ያወጣል፤ ያው ንጥረ ነገር ቅቤ ውስጥም ያለው ነው። የባሉጥ በርሜል ከነካው የተጠበሰ ዳቦና ቫኒላ ይጨመርበታል።

ሼኒን ብላን ጠጅ ለሚያውቅ ሰው የቅርብ ዘመድ ነው፦ ማር፣ ሰፈፍ፣ የበሰለ ፖም። በዓለም ላይ ይህ ዝርያ በብዛት የተተከለባት አገር ደቡብ አፍሪካ ስለሆነች እኛ ገበያ ላይ ለማግኘት አይከብድም። ከፈረንሳዩ የሉዋር ሸለቆ የሚመጣው ግን እርጥብ ሱፍ ይሸታል ይባልለታል። ዝናብ የመታውን የመንዝ በርኖስ ያሸተተ ሰው ይህን ለማግኘት አይቸገርም፤ በዚህ ረገድ ከፓሪስ ሰው ይልቅ እኛ እንቀድማለን።

ሪዝሊንግ ወጣት ሲሆን ሎሚና ትርንጎ ይሸታል፤ ሲያረጅ ላምባ። አዎ፣ የኩራዝ ላምባ። የሚወዱት ሰዎች በዚህ ሽታ ይምላሉ። ሞስካቶ ደግሞ አበባና ድንብላል ነው፤ በድንብላል ፍሬ ውስጥ ያለው መዓዛ አውጪ ዘይት በእሱም ውስጥ ይገኛል።

ለመለማመድ ጠረጴዛው ላይ በየሲኒው ጥቂት ድንብላል፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ ማር፣ ለጋ ቅቤ አስቀምጡ። ወይኑን አሽትቶ ወደ ሲኒዎቹ መመለስ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ወይኑ መሄድ አፍንጫን በአንድ ከሰዓት ያሠለጥነዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቅምሻዎች

የመጀመሪያው ከአገር ቤት ይሁን፤ ክሪስታል ወይም ከሚላ ከሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ጋር። ዋጋውን አትናገሩ።

ሁለተኛው አንድ ዝርያ ከሁለት አገር፤ ለምሳሌ የደቡብ አፍሪካና የኒውዚላንድ ሶቪኞን ብላን። ፍሬው አንድ ሆኖ መሬቱና አየሩ ምን እንደሚጨምር የሚታየው እዚህ ነው። ሦስተኛው በርሜል የነካውና ያልነካው ሻርዶኔ።

አራተኛው ስለ ስኳር ነው፤ ደረቅ ሼኒን ብላን ከአካሺያ ነጭ ጋር። በአውሮፓ ደንብ ደረቅ የሚባለው ወይን በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር የቀረበት ነው፤ ኮምጣጣነቱ ከፍ ካለ እስከ 9 ግራም ይፈቀዳል። ብዙ ሰው «ጣፋጭ አልወድም» እያለ ጣፋጩን ይመርጣል፤ ጠርሙሶቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ሲቀርቡ እውነቱ ይወጣል።

አምስተኛውን እኔ ከሁሉ አስበልጣለሁ፦ በደንብ የተጣራ፣ ስኳር ያልገባበት፣ ደረቅ ያለ የማር ጠጅ ከደቡብ አፍሪካ ሼኒን ጋር፣ ሁለቱም ተሸፍነው፣ በአንድ ዓይነት ብርጭቆ። ጠጁ በጌሾው መራራነት መጨረሻ ላይ ራሱን ያጋልጣል። እስከዚያ ድረስ ግን የሚከራከሩበት ብዙ ነው፤ ጠጅ የምትጥለው አባልም የዚያን ቀን ዳኛ ትሁን።

በመካከል አንድ ቀን የሦስት ብርጭቆ ፈተና አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ብርጭቆ ይቀዳል፤ በሁለቱ ያለው አንድ ወይን ነው፣ በሦስተኛው ሌላ። የተለየውን መለየት ብቻ ነው ሥራው። ቀላል ይመስላል። ብዙ የሚያወራው አባል ከሁሉ በላይ የሚላብበት ፈተና ይህ ነው።

ከማዕድ ጋር

በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደንቡን አላልቶ ከምግብ ጋር መሞከር ተገቢ ነው። መነሻው እንጀራው ነው። እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ የወይኑን ኮምጣጣነት ይቀንስበታል። ስለዚህ ወይኑ ከእንጀራው እኩል ወይም በላይ ኮምጣጣ ካልሆነ ውኃ ውኃ ይላል። ሶቪኞን ብላን፣ ሼኒን፣ ደረቅ ሪዝሊንግ እንጀራ ላይ ይቆማሉ፤ ከጎመን በአይብ ጋር ሶቪኞኑን ሞክሩት። ቅቤ ቅቤ የሚለው ሻርዶኔ ከእንጀራ ጋር ይሞታል፤ ከዳቦ ጋር በቅቤና በኮረሪማ የተሠራ ዶሮ አልጫ ሲያገኝ ግን ይነሣል።

በርበሬ ሌላ ጉዳይ ነው። አልኮል ቃጠሎውን ያባብሰዋል፤ ትንሽ ስኳር ያበርደዋል። ለዶሮ ወጥና ለቀይ ጥብስ ስለዚህ አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ጣፋጭነት የሚሰማበት ነጭ ምረጡ፤ አካሺያ ነጭ ወይም ከፊል ጣፋጭ ሪዝሊንግ ይሆናል። የመንዝ በግ ጥብስ ስቡ የበዛ ስለሆነ አጥንቱ ላይ እያለ ከኮምጣጣ ሼኒን ጋር ይስማማል። ቀይ ሥጋ ቀይ ወይን ይፈልጋል የሚለውን ሕግ በዚህ ተዳፈሩት።

የተረፈውን ወይን በግማሽ ጠርሙስ አታሳድሩት። ንጹሕ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አየር እንዳይኖር እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑትና በብርድ አስቀምጡት፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል።

ከውጭ ክለብ ጋር መገናኘት

ማኅበሩ አንድ ዙር ከጨረሰ በኋላ ምን እንደሚወድ ያውቃል፤ ያኔ ከሌላው ጋር መገናኘት ይጠቅማል። አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ሆቴሎችና አስመጪዎች አልፎ አልፎ የቅምሻ ምሽት ያዘጋጃሉ፤ ሁለት ሰው ተወክሎ ሄዶ የቀመሰውን ጽፎ ይምጣ። ባቱ የወይን እርሻ ለማየት ማሰብም ጥሩ ነው፤ ከደብረ ብርሃን 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ግን አስቀድሞ ደውሎ ጎብኚ የሚቀበሉበትን ቀን መጠየቅና አንድ ሌሊት ማደር ያስፈልጋል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ የወይን ክለብ አባል ከሆነ እሱ የማኅበሩ ዓይን ሊሆን ይችላል። «ወይን አምጣልኝ» አትበሉት፤ የሚያመጣው አውሮፕላን ማረፊያ ያገኘውን ነው። ስሙን ጻፉለት፦ ከግሪክ ሳንቶሪኒ ደሴት አሲርቲኮ፣ ከኦስትሪያ ግሩነር ቬልትሊነር፣ ከስፔን አልባሪኞ። ሦስቱም እኛ መደርደሪያ ላይ ለማግኘት የሚያስቸግሩ፣ ሦስቱም ኮምጣጣነታቸው ለእንጀራ የሚሆን ናቸው። ጠርሙሱን በፕላስቲክ ከረጢት ከዚያም በሹራብ ጠቅልሎ ሻንጣው መካከል ያድርገው፤ ምን ያህል ማስገባት እንደሚፈቀድም ከጉምሩክ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለክለብ ክፍያ የምትፈጽሙ ከሆነ፣ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ፣ ገንዘብ ከመላክ በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ጠርሙሶቹን የሚመርጠው ማነው? ነጭ ብቻ መምረጥ ይቻላል? አንድ ወር መዝለል ይፈቀዳል? በተለይ በዐቢይ ጾም ሁለት ወር ጠርሙስ ሳይከፈት ይከማቻልና። የተበላሸ ጠርሙስ ይተካል? አባልነቱ የሚቋረጠው እንዴት ነው? በራሱ ይታደሳል? የመጨረሻውን ጥያቄ በቃል የመለሰ ሻጭ በጽሑፍ እንዲደግመው አድርጉ።